የበዓል ባንዲራ ከቁርጥራጭ ጨርቅ

(የመግቢያ ዜማ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ዝቅ ይላል)

ዛሬ በእጅ ሥራ ትምህርታችን ለበዓል ቤት የሚያደምቅ ጌጥ እንሰፋለን። ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ብሏል። ዛሬ መቁረጥ የጀመረ ሰው ለእንቁጣጣሽ ይደርስለታል። ወረቀትና እርሳስ አቅርቡ። በሬዲዮ ጨርቁን ላሳያችሁ ስለማልችል ልኬቶቹን ቀስ ብዬ እናገራለሁ፤ ዋና ዋናዎቹንም እደግማቸዋለሁ።

ጌጡን ታውቁታላችሁ። በጥምቀት ሰሞን የሰፈር ወጣቶች ታቦት በሚያልፍበት መንገድ ከምሰሶ ምሰሶ የሚወጥሩት፣ በአረንጓዴ በቢጫ በቀይ ተደርድሮ ነፋስ ሲነካው የሚውለበለበው የትናንሽ ባንዲራ ሰልፍ ነው። የመንገዱ ባንዲራ የሚሠራው ከላስቲክ ወይም ከስስ ጨርቅ ነው፤ ለጥቂት ቀን ታስቦ ስለሆነ ያ ይበቃዋል። ቤት ውስጥ ግን ነፋስ የለም። ስስ ጨርቅ ያለ ነፋስ ሲሰቀል ጫፍና ጫፉ ይጠቀለላል፣ መሐሉ ይሸበሸባል፣ በሁለተኛው ቀን የታጠበ ልብስ ተሰጥቶ የተረሳ ይመስላል። ለቤት የሚሆነው ሦስት ድርብ ያለው ነው፤ ከፊት የሚታየው ጨርቅ፣ ከኋላ ገበሩ፣ በመካከላቸው ደግሞ ወፈር ያለ መሙያ። አልጋ ላይ የምታነጥፉትን ኮምፎርት አስቡት። በላዩ የሚሄደው የስፌት መስመር ለማሳመር ብቻ የገባ አይደለም፤ መሙያው ሲታጠብ ወደ አንድ ጥግ እንዳይሰበሰብ የሚይዘው እርሱ ነው። እኛም በባንዲራው ላይ የምናደርገው ይህንኑ ነው። መካከለኛውን ጨርቅ ማንም አያየውም፤ ባንዲራው ቀጥ ብሎ እንዲወርድና ለዓመታት እንዲያገለግል የሚያደርገው ግን እርሱ ነው። ጊዜ ለመቆጠብ ብላችሁ እርሱን እንዳትተዉብኝ ከወዲሁ እለምናችኋለሁ።

አዲስ ጨርቅ መግዛት ግዴታ አይደለም። በዓለም ላይ ከሚደነቁት ድርብ ስፌቶች ብዙዎቹ የተሠሩት ከአሮጌ ልብስ ነው። በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ወንዝ በሦስት በኩል በከበባት ጂስ ቤንድ በምትባል መንደር፣ በባርነት ከኖሩ ሰዎች የተወለዱ ጥቁር ሴቶች ከአለቀ የሥራ ሱሪና ሸሚዝ ቁርጥራጭ የአልጋ ልብስ ይሰፉ ነበር። የሚሰፉት ቤተሰባቸው በብርድ እንዳይቸገር ነው። እነዚያ የአልጋ ልብሶች በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጀመሪያ በሂዩስተን፣ ቀጥሎም በኒውዮርክ ትልቅ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ፤ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቴምብር አተመላቸው። በቤንጋል ያሉ ሴቶችም ያለቀ ሳሪያቸውን በላይ በላዩ ደርበው በእጅ መርፌ ብቻ ይሰፉታል፤ ካንታ ይባላል። መስፊያ ክሩንም የሚያገኙት ከዚያው ከሳሪው ጥለት መዘው ነው። ይህን የማነሳው የልብስ ስፌት መኪና የሌላችሁ አድማጮች እንዳትከፉ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ሥራ ሁሉ በእጅ መርፌ ይሠራል፤ ጊዜ ብቻ ይጨምራል።

እንግዲህ ዕቃውን እናሰናዳ። ለፊትና ለገበር የጥጥ ጨርቅ ያስፈልገናል፤ ያረጀ አንሶላ፣ የጠበበ ሸሚዝ፣ ጎረቤታችሁ ያለው ልብስ ሰፊ የሚጥለው ቁርጥራጭ፣ አቡጀዲ፣ ሁሉም ይሆናል። ለመሙያው ያለቀ ብርድ ልብስ ወይም የሳሳ ጋቢ። ጋቢ ለመቁረጥ የሚጨክን እጅ ላይኖራችሁ ይችላል፤ ግን የተቀደደውና የማይለበሰው እዚህ ውስጥ ገብቶ ቢያገለግል ሳጥን ውስጥ ብል ከሚበላው ይሻላል። ከዚህ ሌላ መቀስ፣ ሜትር፣ ስፒል፣ ካውያ፣ ለፓተርን የሚሆን ካርቶን፣ ለማመልከቻ ደግሞ ያለቀ የሳሙና ስባሪ። በመኪና ለምትሰፉ 14 ቁጥር መርፌ ግጠሙ፤ ከዚያ የቀጠነው ሦስት ድርብ ሲያገኘው ይጎብጣል ወይም ስፌት ይዘላል።

ከመቁረጣችሁ በፊት ሁሉንም ጨርቅ እጠቡ። ጥጥ ይሰበሰባል፤ ፊቱ ተሰብስቦ ገበሩ ሳይሰበሰብ ከቀረ በመጀመሪያው እጥበት ባንዲራው ይጣመማል። ቀይ ጨርቅ ካላችሁ አርጥባችሁ ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጉና በካውያ ተጫኑት፤ ነጩ ከቀላ ቀዩ ቀለም ይለቃል ማለት ነው፣ ከነጭ ጋር አትስፉት። ጨርቁ ጥጥ ይሁን ፖሊስተር ካላወቃችሁ ከዳሩ ጥቂት ክር ምዘዙና በሰሃን ላይ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና ለስላሳ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ይቀልጥና ሲበርድ ደረቅ ጠጠር ይሆናል። ፖሊስተር ከሆነ ካውያችሁን አብርዱ፤ በተለይ መሙያው ውስጥ ካለ ሳታዩት ይቀልጥባችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን፤ ድርና ማግ፣ በጨርቁ ርዝመት የሚሄደውና በወርዱ የሚሻገረው ክር። ሸማ የሚሠራበት አካባቢ ያደጋችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። አጠገባችሁ ያለውን ማንኛውንም ጨርቅ፣ የትራስ ልብስም ይሁን መሐረብ፣ አንሱና በሁለት እጅ ያዙት። በድሩ በኩል ሳቡት፤ አይለጠጥም። በማጉ ሳቡት፤ ትንሽ እሺ ይላል። አሁን ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ሳቡት። እንዴት እንደተለጠጠ አያችሁ? የምንሠራው ባለ ሦስት ማዕዘን ባንዲራ ሁለቱ ጎኖቹ ሰያፍ ናቸው። ስለዚህ ሲሰፋ የሳበው ሰው ጎኖቹ ረዝመው እንደ ቅጠል ሲወዛወዙ ያገኛቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ካውያም አይመልሳቸውም። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፓተርኑን ስታስቀምጡ የባንዲራው ቁመት ከድሩ ጋር ቀጥ ብሎ ይሂድ። ሁለተኛ፣ ስትሰፉ ጨርቁን በእጃችሁ ምሩት እንጂ አትሳቡት፤ ወደፊት መውሰዱን ለመኪናው ተዉለት።

ልኬቱን ጻፉ። አልቆ የሚታየው ባንዲራ ከላይ ወርዱ 18፣ ቁመቱ 22 ሳንቲ ሜትር ነው። የካርቶን ፓተርኑ ግን የስፌቱን ትርፍ ስለሚጨምር ከላይ 21፣ ቁመቱ 25 ተኩል ይሆናል። ደግሜ ልበል፤ ፓተርኑ 21 በ25 ተኩል ሳንቲ ሜትር። በካርቶኑ ላይ 21 ሳንቲ ሜትር ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ፣ እኩሌታው ላይ ምልክት አድርጉ፣ ከምልክቱ ቀጥ ብላችሁ 25 ተኩል ውረዱ፣ ያንን ነጥብ ከሁለቱ ዳር ጋር አገናኙት። ሁሉንም ባንዲራ በዚህ በአንዱ ካርቶን ብቻ ቁረጡ። የተቆረጠ ጨርቅ እንደ ፓተርን ተጠቅማችሁ ሌላ አትቁረጡ፤ በእያንዳንዱ ላይ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ የመጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም።

ስንት ባንዲራ? 4 ሜትር ለሚሆን ግድግዳ 17 እንበል። በየመካከላቸው 4 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ስንተው 17ቱ 3 ሜትር ከ70 ይይዛሉ፣ ቀሪው በሁለቱ ዳር ይከፈላል። 17 የመረጥኩት ጎዶሎ ቁጥር ሲሆን አንዱ ልክ መሐል ላይ ስለሚውል ነው። እያንዳንዱ ባንዲራ ፊትና ገበር ስላለው 34 ቁራጭ ጨርቅና 17 ቁራጭ መሙያ ይወጣዋል። ከጣቃ ጨርቅ የምትቆርጡ ከሆነ ፓተርኑን አንዱን ወደ ላይ፣ ቀጣዩን ወደ ታች እያገላበጣችሁ ደርድሩ። ወርዱ 1 ሜትር ከ50 በሆነ ጨርቅ ላይ 26 ሳንቲ ሜትር ቁመት ባለው አንድ ረድፍ 13 ይወጣል። ፊቱ አንድ ቀለም፣ ገበሩ ሌላ ቀለም ከሆነ ከእያንዳንዱ ቀለም 55 ሳንቲ ሜትር ይበቃችኋል። አበባ ወይም ሥዕል የታተመበት ጨርቅ ከሆነ ግን ማገላበጡ አያዋጣም፤ ግማሹ አበባ ተዘቅዝቆ ይቀራል።

ገበሩን ዝም ብሎ መሸፈኛ አታድርጉት። ፊቱን ለእንቁጣጣሽ በቢጫና በአረንጓዴ ብትሠሩት፣ ጀርባውን ለገና በቀይና በነጭ፣ አንድ ጌጥ ለሁለት በዓል ሆነ ማለት ነው፤ ገልብጦ መስቀል ብቻ።

(አጭር ዜማ)

አንድ ሌላ ሐሳብ ላካፍላችሁ፤ እኔ ከሁሉም የምወደው ይህንን ነው። ያረጀ ነጠላ ወይም የሐበሻ ቀሚስ ካላችሁ ሸማው ቢሳሳም ጥለቱ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ያንን ጥለት ቆርጣችሁ በባንዲራው ላይኛ ክፍል አግድም ብታስገቡት ምንም ጌጥ አይስተካከለውም። ነገር ግን በጥንቃቄ ነው። ጥለቱን ገልብጣችሁ ጀርባውን ተመልከቱ፤ ክሩ ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው ሳይጠለፍ ተንጠልጥሎ የሚሻገርበት ቦታ ታያላችሁ። መቀሱ እዚያ ላይ ካረፈ ክሩ ይፈታና ቅርጹ እየተተረተረ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ አትቁረጡ። የምትቆርጡበትን መስመር በሳሙና አስምሩ፣ በመስመሩ ላይ በጣም ደቃቅ በሆነ ስፌት ሂዱበት፣ ከዚያ ከስፌቱ ውጭ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ርቃችሁ ቁረጡ። ሸማ አልፎ አልፎ የተሸመነ ስለሆነ ከሥሩ አቡጀዲ ደርቡለት፤ አለበለዚያ ስፌቱ ሲሳብ ክሩ ይሸሻል።

አሁን እንስፋ። አደራረቡን አዳምጡ፤ ከታች መሙያው፣ በላዩ የፊቱ ጨርቅ መልኩ ወደ ላይ፣ በእርሱ ላይ ገበሩ መልኩ ወደ ታች። መልክና መልክ ተገናኝተዋል፣ መሙያው ከሥር ነው። በስፒል ያዙት። ሁለቱን ሰያፍ ጎኖች ከዳሩ 1 ሳንቲ ሜትር ገብታችሁ ስፉ፤ የላይኛውን አትስፉ፣ የምንገለብጠው በእርሱ በኩል ነው። ጫፉ ላይ ስትደርሱ ቀጥታ ዞራችሁ በሹል አትመለሱ። ጫፏ ላይ አንድ ወይም ሁለት ስፌት አግድም ሂዱና ከዚያ ወደ ሌላው ጎን ዙሩ። የሚገርመው ነገር፣ ሲገለበጥ የበለጠ ሹል ሆኖ የሚወጣው በዚህ መልክ በትንሹ የደነዘው ነው፤ ትርፉ ጨርቅ የሚቀመጥበት ቦታ ያገኛልና።

ከዚያ መቀስ አንሱ። የመሙያውን ትርፍ እስከ ስፌቱ ድረስ ጠጋ ብላችሁ ቁረጡት፤ በዳሩ ላይ ውፍረት መኖር የለበትም። ጫፉ ላይ ያለውን ትርፍ ጨርቅ አግድም ቁረጡና ግራና ቀኙንም በሰያፍ አሳሱት። ስፌቱን ግን እንዳትነኩ። አሁን በላይኛው አፍ በኩል ገልብጡት። ጫፉን ለማውጣት ያልተሳለ እርሳስ ወይም የእንጨት ማንኪያ እጀታ ተጠቀሙ፤ መቀስ የከተተ ሰው ጨርቁን በስቶ ይወጣል። ዳሩን በጣታችሁ እያሻችሁ አስተካክሉና በካውያ ተጫኑት። ካውያውን አንስታችሁ አሳርፉ፤ ወዲያና ወዲህ ከነዳችሁት ሰያፉ ይለጠጣል።

አሁን ሦስቱን ድርብ የምናያይዝበት ስፌት ነው። የስፌቱን ርዝመት ከፍ አድርጉ፤ ለተራው ስፌት 2 ተኩል ሚሊ ሜትር ከነበረ ለዚህ 3 ወይም 3 ተኩል ይሁን። ጥቅጥቅ ያለ ስፌት ባንዲራውን ካርቶን ያስመስለዋል። መስመሮቹ ከጎኖቹ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ከዳሩ 2 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ አንድ፣ ከእርሱ 2 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ ሌላ፣ ከዚያም ሦስተኛ። ሁልጊዜ ከታች፣ ከጫፉ በኩል ጀምራችሁ ወደ ላይ ስፉ። ምክንያቱን ልንገራችሁ። የመኪናው እግር የላይኛውን ጨርቅ በጥቂቱ ወደፊት ይገፋዋል። ወደ ታች ብትሰፉ የተገፋው ጨርቅ በተዘጋው ጫፍ ላይ ይከማችና ይሸበሸባል፤ ወደ ላይ ብትሰፉ ግን አፉ ክፍት ስለሆነ ትርፉ በዚያ በኩል ይወጣል። በእጅ የምትሰፉ፣ ወፈር ያለ ክር ይዛችሁ በእኩል እርምጃ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እያወጣችሁ ሂዱ፤ ክሩን ጨርቁ እስኪኮማተር አታጥብቁት።

ጽሑፍ ለሚፈልግ «መልካም በዓል» ማለት ይቻላል፤ 7 ፊደል ነው፣ ለእንቁጣጣሽም ለገናም ለፋሲካም ለኢድም ይሆናል። ፊደሎቹ የሚሰፉት ሦስቱ ጨርቆች ከመደረባቸው በፊት በፊቱ ጨርቅ ላይ ብቻ ነው፤ ያኔ ገበሩ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ወፈር ያሉ ፊደሎች ቁረጡና ዙሪያቸውን በዚግዛግ ያዙ። ከሰባቱ እጅ የሚያስቸግሩት «መ» እና «ም» ናቸው፤ ሁለት ሁለት ቀዳዳ አላቸው። ቀዳዳዎቹን መጀመሪያ ቁረጡ፣ የውጭውን መስመር በኋላ፤ ጨርቁ ገና ሰፊ እያለ ለመያዝ ይመቻል። ፊደሉን ከባንዲራው መሐል ሳይሆን ወደ ላይ ከፍ አድርጉት፤ ታችኛው ክፍል ጠባብ ስለሆነ መሐል ላይ የተቀመጠ ፊደል የወደቀ ይመስላል። ከ17ቱ ባንዲራዎች ከ5ኛው እስከ 8ኛው «መልካም»፣ 9ኛው ላይ አንዲት ቢጫ አደይ አበባ፣ ከ10ኛው እስከ 12ኛው «በዓል»። በግራ 4፣ በቀኝ 5 ባንዲራ ባዶ ይቀራል፤ ዓይን ልዩነቱን አይይዘውም። በጀርባውም ፊደል የምታደርጉ ከሆነ ሲገለበጥ ቀኙ ግራ እንደሚሆን አስታውሱና ከሌላው ዳር ቁጠሩ።

ማሰሪያው ቀርቶናል። 6 ሳንቲ ሜትር ወርድና 5 ሜትር ርዝመት ያለው ቅድ አዘጋጁ፤ ቀጣጥላችሁ ብትሰፉትም ችግር የለውም። በድሩ የተቆረጠ ቢሆን ይመረጣል፣ ካልሆነ በማጉ፤ በሰያፍ የተቆረጠ ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ የባንዲራዎቹ ክብደት ይለጥጠዋል። ቅዱን በቁመቱ ለሁለት እጠፉና በካውያ ተጫኑ፣ ክፈቱት፣ ሁለቱን ዳሮች ወደ መሐሉ መስመር እጠፉና ደግማችሁ ተጫኑ፣ ከዚያ መልሳችሁ እጠፉት። እንደ ጋቢ አራት ድርብ ሆነ፤ ወርዱ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። የእያንዳንዱን ባንዲራ ክፍት አፍ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል በውስጡ አስገቡ። ከመሐሉ ባንዲራ፣ ከ9ኛው ጀምራችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብትደረድሩ ክፍተቱ አይዛባም። በስፒል ያዙ፣ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ስፌት ሂዱበት። በሁለቱም ጫፍ ከመጨረሻው ባንዲራ ወዲያ ለማሰሪያ 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተርፋል።

ሰው ብዙ ጊዜ «ወደ ታች እንዲረግብ ስንት ሜትር ልጨምር?» እያለ ይጠይቃል። ከሚገመተው በጣም ያነሰ ነው። በ4 ሜትር ግድግዳ ላይ መሐሉ 30 ሳንቲ ሜትር እንዲወርድ ከፈለጋችሁ የሚጨመረው 6 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ለቀቅ ካደረጋችሁት መሐሉ ሰው ራስ ላይ ይወርዳል። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ሚስማር አልቀበል ካለ ከመጋረጃው ዘንግ ወደ ሌላው ዘንግ ማሰር ይቻላል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በዓል ሲሆን ቤት ውስጥ እሳት ይበዛል፤ የቡና ምድጃው፣ የእጣን ማጨሻው፣ ሻማው። ጌጡን ረከቦት ከሚቀመጥበት ቦታ በላይ አትስቀሉ፤ ጥጡ ይነዳል፣ ፖሊስተሩም ቀልጦ ይንጠባጠባል። ሕፃናት በማይደርሱበት ከፍታ ይሁን፤ ማሰሪያው ረጅም ስለሆነ አንገት ላይ ሊጠመጠም ይችላል።

በዓሉ ሲያልፍ በቀዝቃዛ ውኃ በእጅ እጠቡት፣ ሳትጠመዝዙ ጥላ ሥር አስጡት። ሲደርቅ አትጠፉት፤ ባንዲራዎቹን አንዱን በአንዱ ላይ ደርድሩና ማሰሪያውን ጠቅልላችሁ በአቡጀዲ ከረጢት አስቀምጡ። ላስቲክ ውስጥ አትክተቱት፤ እርጥበት ይዞ ይሻግታል።

ባንዲራውን ከጣቃ ከቆረጣችሁ ከእያንዳንዱ ቀለም 9 የሚሆን ባለ ሦስት ማዕዘን ትርፍ የሚወጣበት ጨርቅ ይቀራችኋል። አትጣሉት። በሚቀጥለው ዝግጅታችን በዚሁ በሦስት ድርብ አሠራር የድስት መያዣ እንሰፋበታለን፤ ለዚያ የሚሆነው መሙያ ጥጥ ብቻ ስለሆነ ከጋቢው ቁራጭ ጥቂት አስተርፉ።

(የመዝጊያ ዜማ)